ሰሊጡ ይለፍ፣ ጣሂናው ይቅር

«የእናንተ የገዳሪፍ ሐበሾች ሻንጣ ፍተሻ ላይ ሲገባ ማሽኑ ያስነጥሳል አሉ!»

ያስነጥስ፤ «ይማርህ» ብለን እናልፋለን። በርበሬ ያልሸተተው ማሽን ምኑን ፈተሸ ይባላል?

«በእጅ 7 ኪሎ ተፈቀደ ብላችሁ 7ቱንም ኪሎ ሽሮ ታደርጉታላችሁ!»

ታዲያ ጠጠር እናድርገው?

ተራቢዎቼ ቦሌ የሚቀርባቸው ናቸው፤ ስለዚህ አልፈርድም። እኛ ዘንድ አውሮፕላን የሚጀምረው ከአውቶቡስ ነው። ድሮ ካርቱም ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እንነዳ ነበር። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በከሰላ አድርጎ ፖርት ሱዳን፣ አለዚያም ድንበሩ ሲከፈት በገላባት ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያ ጎንደር። ይህን ሁሉ ተንከራቶ ባዶ እጁን የሚሳፈር ሰው ካገኛችሁ እሱን ተርቡልኝ።

«ሕጉን ግን አታውቁም!»

ከእናንተ በላይ እናውቃለን፤ የተወረስነው እኛ ነን። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማጋየት የታሰበ ሴራ ተደረሰበት። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው አየር ማረፊያ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይገባም ተባለ። ይሁን፤ ውሃ ከሆነ እንደፋለን። ነገር ግን ማሩም፣ አዋዜውም፣ ቅቤውም ፈሳሽ ነው ተባለ። የገዳሪፍ ሰሊጥ በፍሬው ሳለ በሰላም ያልፋል፤ ተፈጭቶ ጣሂና ሲሆን ተጠርጣሪ ነው።

አንዲት እናት ቅቤ ይዘው ቢመጡ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦

«እማማ፣ ይሄ ፈሳሽ ነው፤ አያልፍም።»

«እስቲ ገልብጠህ ያዘው ልጄ። ከፈሰሰ ያንተ ነው።»

«ሕግ ነው እኮ እማማ!»

«ሕጉን ያወጣው ሰውዬ ቅቤ አይቶ አያውቅማ!»

ፍተሻውን በዝምታ የረቱት ግን ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች ናቸው። ለረመዳን የሚጠጡት ሑሉ ሙር የሚባል መጠጥ አላቸው። የበቀለ ማሽላ ፈጭተው፣ በቅመም አቡክተው፣ እንደ ወረቀት አሳስተው ይጋግሩትና ያደርቁታል። ባሕር ማዶ ላለ ልጃቸው የሚልኩት ይህንኑ ደረቁን ነው። ልጅየው ቤቱ ገብቶ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዝፈው መጠጥ ይሆናል። 100 ሚሊ ሊትር ያሉት ሰዎች ይህን ቢሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የእኛም ድርቆሽ የዚሁ ብልሃት ዘመድ ነው፦ ደርቆ ይበርራል፣ ርሶ ይበላል።

«ቋንጣስ? እሱም ደረቅ ነው!»

ቀስ በል፣ ጠንቋዩ! ቋንጣ ፍተሻውን ያልፍና ሲደርስ ጉምሩክ ይቆየዋል። ከውጭ የመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ አውሮፓ እንዳይገባ ተከልክሏል። አሜሪካም በሥጋ ቀልድ አታውቅም። ጉምሩክ ቋንጣህን በደስታ ይቀበልሃል፤ የሚከብደው መመለሱ ነው።

አውሮፕላን እኛው ዘንድ መጥቶ ሰው የጫነበት ጊዜም ነበር። መጋቢት 1977 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ገዳሪፍ አቅራቢያ አርፈው፣ ከረሃብና ከመጠለያ የተረፉ ቤተ እስራኤላውያንን በድብቅ ወደ እስራኤል ወሰዱ። ያኔ ሻንጣ የሚመዘንበት ጊዜ አልነበረም። በዚህ አልተርብም፤ ድርቆሽ ቋጥሮ የሚሳፈር ሰው ጊዜ የሰጠው መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ይኸው ተራቢዬ ሲጨንቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፦

«እሺ በቃ፣ እንዲያው ለእኔ ያችን ጣሂና እንዴት ታመጣልኛለህ?»

ሰሊጡን በፍሬው አመጣልሃለሁ። ስለ ወፍጮው አልሰጋም፤ ያ አፍህ አለ።