ውዳሴ ቃብላን

ክቡር ቃብላን፣ የሥራ ተቋራጮች ጌታ ሆይ፣ በእስራኤሏ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ሰማይ ላይ ክሬንዎ ሲዞር እያየን እርስዎን አለማመስገን ንፉግነት ነው። ሠላሳ ፎቅ ማቆም ትልቅ ነገር አይደለም፤ መሐንዲስና ሲሚንቶ ያለው ሁሉ ያቆማል። ሠላሳ ፎቅ አቁሞ ኃላፊነትን አንዱም ፎቅ ላይ አለማሳደር ግን የእርስዎ ብቻ ጥበብ ነው።

ጥበቡን ላላወቁት እናስረዳ። ባለ ፕሮጀክቱ፣ ያዛም የምንለው ጌታ፣ ሥራውን ለዋናው ቃብላን ይሰጣል። ዋናው ቃብላን አርማታውን ለሁለተኛው ይሰጣል። ሁለተኛው ፌሮውን ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ደግሞ መወጣጫውን ለአራተኛው። ሠራተኛው ከውጭ አገር የመጣ ከሆነማ አብዛኛውን ጊዜ ቅጥሩ ከአንዳቸውም ጋር አይደለም፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ፈቃድ ያለው የሰው ኃይል ኩባንያ ነው የሚቀጥረውና የሚያከራየው። ስለዚህ ሰውየው ፔታህ ቲክቫ ውስጥ አሥረኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ብረት ያስራል፤ አሠሪው ግን ሌላ ከተማ ቢሮው ውስጥ ቡና ይጠጣል።

የዚህ አሠራር ውበት የሚታየው ሰውየው የወደቀ ቀን ነው። ያዛሙ “እኛ ግንበኛ አይደለንም” ይላል። ዋናው ቃብላን “የእኛ ሠራተኛ አይደለም” ይላል። ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ወደ አራተኛው ይጠቁማል። አራተኛው ስልኩን ዘግቷል። የሰው ኃይል ኩባንያው “እኛ ሰው አከራየን እንጂ መወጣጫ አልተከልንም” ይላል። ሁሉም እውነታቸውን ነው፤ አንድም የዋሸ የለም። እውነተኞች በዝተው አጥፊ የጠፋበት ይህን የመሰለ ቦታ ከየት ይገኛል?

ሕግ የለም እንዳይሉን። በ1988 የወጣው የግንባታ ሥራ ደህንነት ደንብ ዋናውን ሥራ ተቋራጭ በስሙ ጠርቶ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ብቃት ያለው የሥራ መሪ እንዲሾምም ያዘዋል። እርስዎም ሕግ አክባሪ ነዎትና ይሾማሉ። ነገር ሲበላሽ ከፖሊስ ፊት መጀመሪያ የሚቆመው ደመወዙ ከእርስዎ የሆነው ያው ካቦ ነው። ለመገናኛ ብዙኃን የሚሰጠው መግለጫም አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ “ሟቹ የደህንነት ቀበቶ አላሰረም ነበር።” ቀበቶው የሚታሰርበት ነገር ተተክሎ እንደሆነ መግለጫው አያነሣም። ሟቹም መልስ አይሰጥም።

ይህ ለእኛ ለቤተ እስራኤል አዲስ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ከግንቦቹ ሠሪዎች መካከል የእኛ አባቶች ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ግንቡ ለንጉሡ ቀረ፤ ለግንበኛው የተረፈው “ቡዳ” የሚል ስም ነው። ዛሬም ሕንፃው ለባለቤቱ ይቀራል፤ ለሠሪው የሚተርፈው “ጥንቃቄ የጎደለው” የሚል ስም ነው። ዘመኑ ሠልጥኗልና ስድቡ በጠበቃ ይጻፋል።

መንግሥትም ቢሆን አልተኛም፤ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዎች አሉት። በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 13 ሺህ ለሚጠጉ የግንባታ ቦታዎች ሃያ ገደማ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። ለአንዱ 650 ቦታ ይደርሰዋል ማለት ነው። በየሥራ ቀኑ ሁለት ሁለት ቢያይ እንኳ ሁሉንም ለማዳረስ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። እስከዚያ አርማታው ደርቆ፣ መወጣጫው ተነሥቶ፣ በረንዳው ላይ አበባ በቅሎ ይቆየዋል። ተቆጣጣሪው አበባውን አድንቆ ይመለሳል።

ደግሞ ከደረሰብን አደጋ አንማርም የሚለን ማን ነው? በሴፕቴምበር 2016 ቴል አቪቭ ራማት ሃሐያል ውስጥ በመሠራት ላይ የነበረ የምድር ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ተደርምሶ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ ምርመራ ተጀመረ። በ2018 ኖቬምበር የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽኑ ሂስታድሩት አገሩን በሙሉ በሥራ ማቆም አድማ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ስምምነት ተፈረመ፤ መወጣጫዎች በአውሮፓ መለኪያ እንዲሠሩ ቃል ተገባ። ስድስት ወር ቆይቶ፣ በሜይ 2019፣ ያቭኔ ላይ ክሬን ወድቆ አራት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሌላ ምርመራ ተጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጩኸቱ አንድም ጊዜ ተጓድሎ አያውቅም። ባለፉት አሥር ዓመታት በአብዛኞቹ በእስራኤል የግንባታ ሥራ ላይ የሞቱት በዓመት ከ30 በላይ ናቸው፤ ዋናው ምክንያትም ከከፍታ መውደቅ ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እንዲህ መጽናቱ ራሱ የአስተዳደር ብቃት ነው።

የእርስዎን የሰው ኃይል አስተዳደርም ሳናነሣ አናልፍም። ለዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን ጎሕ ሳይቀድ ኬላ ላይ እየተሰለፉ ሕንፃዎቻችንን ሠሩ። በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ፈቃዳቸው ሲታገድ ሥራው በብዙ ቦታ ቆመ። ያኔ “መወጣጫውን የማስተካከያ ጊዜ አገኘን” ያለ ቃብላን አልሰማንም፤ የተሰማው “ሰው አምጡልን” የሚለው ነው። በሜይ 2023 ከህንድ ጋር 42 ሺህ ሠራተኞችን ለማምጣት ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ 34 ሺዎቹ ለግንባታ። በ2024 መጀመሪያ በሃርያናና በኡታር ፕራዴሽ ወጣቶች ተሰልፈው የፌሮና የአናጢነት ፈተና ተፈተኑ፤ በኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ ገቡ። ቻይናው፣ ሞልዶቫው፣ ኡዝቤኩም አሉ። ፈተናው የሠራተኛውን ችሎታ ይለካል፤ እሱ የሚወጣበትን መወጣጫ ግን የፈተነው የለም። በአምስት ቋንቋ የሚያወራ የግንባታ ቦታ ላይ “ተጠንቀቅ!” የሚለው ጩኸት በስንተኛው ቋንቋ እንደሚደርስ እርስዎ ያውቃሉ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያኑ ደግሞ ውለታዎ ብዙ ነው። ሽማግሌው አባታችን የሕንፃዎን በር በሌሊት ይጠብቃል፤ እናታችን የተጠናቀቀውን ዲራ፣ አፓርታማውን፣ ከሲሚንቶ ፍርፋሪ ታጸዳለች። ሁለቱም የተቀጠሩት በአገልግሎት ቃብላን በኩል ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በ2011 የወጣው የሠራተኛ ሕግ ማስፈጸሚያን የሚያጠናክረው ሕግ በጥበቃ፣ በጽዳትና በምግብ አቅርቦት ዘርፍ ቃብላኑ የሠራተኛውን መብት ከበላ አገልግሎቱን ያዘዘውም ይጠየቃል ይላል። ዝርዝሩ ላይ ግንባታ የለም። ወለሉን ለምትጠርገው ሴት ደመወዝ ከላይ ያለው ሊጠየቅ ይችላል፤ ወለሉን ላነጠፈው ሰው ይህ ሕግ አይደርስለትም። መጥረጊያ ከክሬን የበለጠ አደገኛ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

አረንጓዴነትዎስ! ከ2022 ጀምሮ በአብዛኛው አዲስ ግንባታ ላይ ግዴታ የሆነው 5281 የተባለው የአረንጓዴ ግንባታ መለኪያ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ኤሌክትሪክ ቆጠቡ፣ ውኃ ቆጠቡ፣ የግንባታውን ፍርስራሽ ለይተው ላኩ፣ ለብስክሌት ቦታ ተዉ፤ ኮከቡ ይቆጠርልዎታል። ኮከቡ የሚሰጠው ለሕንፃው እንጂ ለሠሪው ስላልሆነ፣ ሰው የወደቀበት ሕንፃም አረንጓዴ ሆኖ ያድራል። በማስታወቂያው ላይ ዛፎች፣ ሕፃናትና አንድ ፈገግ ያለ ውሻ ይታያሉ። ያ ሁሉ ዘላቂ ነው። ያልዘለቀው ሠራተኛው ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ላለው ወንድማችንም ሳቁ ረጅም አይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የመከላከያ ዕቃ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል፤ ባሕር ዛፍ አጣና ላይ በነጠላ ጫማ አሸዋ ተሸክማ የምትወጣው የቀን ሠራተኛ ግን አዋጁን አላየችውም። ቃብላንነት ዜግነት አይመርጥም።

ሽሙጡ ይብቃ። የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። በአንድ የግንባታ ቦታ ላይ ለሚሞት ሰው ሁሉ፣ ቅጥሩ የትም ይሁን የት፣ ዋናው ቃብላንና ያዛሙ አብረው ይጠየቁ። የእስራኤሉ የ2011ዱ ሕግ ዝርዝር ላይ ግንባታ ይጨመር። ሰው የሞተበት ሕንፃ ኮከብ አይሰጠው። በ2018 የተፈረመው የመወጣጫ ስምምነት በእያንዳንዱ ፎቅ ላይ ይታይ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በፔታህ ቲክቫ ዲራ ልትገዛ ማሽካንታ፣ የቤት መግዣ ብድሩን፣ ስትፈርም፣ ስለ ኩሽናው እብነ በረድ ከመጠየቅህ በፊት ይህን ሕንፃ ሲሠራ የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠይቅ። ሻጩ መልስ ከሌለው አትፈርም። ቃብላን የሚሰማው የገዢውን ድምፅ ነው።