መቀስ የገደለው ጽጌረዳ አምጡልኝ

መቀስ የገደለው ጽጌረዳ ያለው ሰው ይምጣና ያሳየኝ። ውኃ ጠምቶት የደረቀ አይቻለሁ። ውኃ ተኝቶበት ሥሩ የበሰበሰ አይቻለሁ። ያልበሰለ ፍግ ተቆልሎበት የተቃጠለም አይቻለሁ። ተቆርጦ የሞተ ግን እስከ ዛሬ ማንም አላሳየኝም፤ ሁሉም የሚነግረኝ ፍርሃቱን ነው። እንግዲያው ከፍርሃታችሁ ጋር ልነጋገር።

«ያሳዝነኛል» ትላለች አንዷ። የሚያሳዝነውስ ሳይቆረጥ የከረመው ነው፣ እመቤቴ! እስቲ ቀና ብለሽ እዪው። ቁመቱ አጥሩን አልፎ የጎረቤት ግቢ ገብቷል፣ ከወገቡ በታች ግን ራቁቱን ነው። ያለው አበባ ሁለት፣ እሱም ጫፉ ላይ፤ ለማሽተት መሰላል ያስፈልግሻል። መሐሉ በደረቅ እንጨት ተጠቅጥቆ ነፋስ አያልፍበትም፣ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ይረግፋል። ይህ ርኅራኄ ከሆነ ጭካኔ ምን ሊባል ነው? ልጅሽን ፀጉር አስተካካይ ቤት ወስደሽ እያለቀስሽ ነው የምትመለሺው?

«ቢሞትብኝስ?» ይላል ሌላው። ለምን ይሞታል? የጽጌረዳ ጉልበት ያለው ሥሩና የግንዱ ግርጌ ላይ ነው። ጫፍ ላይ የተቀመጠው ዓይን፣ ቀንበጥ የሚወጣበት እብጠት ማለቴ ነው፣ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ ከበታቹ ያሉትን ዓይኖች አስተኝቶ ይይዛቸዋል። ጫፉን ስታነሣው የተኙት ይነቃሉ፤ አንድ ቆርጠህ ሁለትና ሦስት ቀንበጥ የምታገኘው ለዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ እየደጋገመ የሚያብበው የግቢ ጽጌረዳ ደግሞ አበባውን የሚያወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። አሮጌውን እንጨት ታቅፈህ አበባ ብትጠብቅ እንደጠበቅህ ትከርማለህ።

አሁንም ካላመንከኝ የጅማን ቡና ገበሬ ጠይቀው። ያረጀ ቡናውን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ብቻ አስቀርቶ ይጎነድለዋል። ለሁለት ዓመት ያህል ከዚያ ግንድ ለቅሞ እንደማይሸጥ እያወቀ ይቆርጣል፤ ጉቶውም አቆጥቁጦ ይክሰዋል። እሱ እንጀራውን ለመቁረጥ ያልፈራውን አንተ ጌጥህን ትፈራለህ?

«ቡና ሌላ፣ ጽጌረዳ ሌላ» አልከኝ? ይሁን፣ የጽጌረዳን የሥጋ ዘመድ ልጥራልህ። ቀጋ የደጋችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ የሳይንስ ስሙ እንኳ ሮዛ አቢሲኒካ ነው። ገበሬው ለአጥር ይመለምለዋል፣ ፍየል ትቀነጥበዋለች፣ ማንም አያዝንለትም። እሱ ግን ጊዜውን ጠብቆ ነጭ አበባውን ያወጣል፣ ፍሬውንም እረኛ ይበላዋል።

«ባለቤቴ የተከሉት ነው፣ እጄን አላሳርፍበትም» ያሉኝ እናት አሉ። እማማ፣ የእርስዎስ ይገባኛል። ግን የሳቸው መቀስ የት አለ? ካለ ያውጡልኝ፤ ስለን እሳቸው በተከሉት ላይ አበባ እንዲያዩ እናድርግ። እሾህ ብቻ ሆኖ ሲቀር ማየቱ አይበልጥብዎትም?

«የት እንደምቆርጥ አላውቅም» የሚለው ግን የፍርሃት አይደለም፣ የእውነት ጥያቄ ነው፤ እሱን ረጋ ብዬ ልመልስ። በመጀመሪያ ማንም ሰው ሳይማር የሚያውቀውን አንሣ፤ የደረቀውን፣ የታመመውን፣ የተሰበረውን። ቀጥሎ ወደ መሐል ገብተው እርስ በርስ የሚፋተጉትን ተመልከትና ደካማውን አስወግድ። ከእርሳስ የቀጠነው ሁሉ ይሂድ፤ ደህና አበባ አይሸከምም። ይህን ብቻ አድርገህ ወደ ኋላ ብትቆም ግማሹ ሥራ አልቋል፣ አንድም አደጋ አልደረሰም።

አሁን የቀሩትን አራት አምስት ጠንካራ ግንዶች ያዝ። አንዱን ቁረጥና የተቆረጠበትን ፊት እየው። ልቡ ቡናማ ከሆነ ያ ክፍል ሞቷል፤ ትንሽ ዝቅ በልና ድገም። ነጣ ብሎ እርጥበት ሲታይበት ደርሰሃል፣ እዚያ ላይ ሕይወት አለ። ከዚያ ዓይን ፈልግ። ቅጠል በግንዱ ላይ ከተጋጠመበት ብብት፣ ወይም ቅጠሉ ረግፎ ጠባሳው ከቀረበት በላይ፣ ቀላ ያለች ትንሽ እብጠት ታያለህ። ወደ ውጭ የምታየውን ምረጥ፤ አዲሱ ቀንበጥ የሚሄደው ዓይኗ ወደምታይበት ነውና መሐሉ ክፍት ይሆናል። ከዓይኗ በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ተወው፣ ቁርጡንም ከዓይኗ በተቃራኒው ወገን ዝቅ አድርገው፤ ዝናቡ በሷ ላይ አይወርድም። ከቁመቱ ግማሽ ያህል፣ እስከ ጉልበትህ ድረስ ብታወርደው አትደንግጥ።

«በቢላዋ ብቆርጠውስ?» የወጥ ቤት ቢላዋ ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሁለቱ ምላሶቹ እየተላለፉ የሚቆርጡ የአትክልት መቀስ ያዝ፤ የተሳለ ይሁን። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሻገርም በአልኮል ጥረገው፤ በሽታ በመቀስ ላይ ተሳፍሮ ይዞራል።

«ዓይኗን ስቼ ብቆርጥስ?» ምንም አትሆንም። እንግሊዝ አገር ሴንት አልባንስ አጠገብ በነበረው አትክልት ስፍራው ሮያል ናሽናል ሮዝ ሶሳይቲ የሚባለው የጽጌረዳ ማኅበር ነገሩን ሞክሮታል። አንዱን ክፍል ዓይን እየመረጡ በወጉ ቆረጡት፣ ሌላውን በአጥር መከርከሚያ ላይ ላዩን አስተካከሉት። እንዲሁ የተከረከመው በአበባ አላነሰም። እኔ ግን አሁንም ዓይን ምረጥ እላለሁ፤ የእኛ ክረምት እርጥብ ነው፣ ነፋስ በመሐሉ እንዲያልፍ ካልከፈትከው ሻጋታና ጥቁር ነጠብጣብ ይወርሱታል።

«መቼ ልቁረጥ?» ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ በላዩ ላይ እየወረደ አይሁን። መስቀል ካለፈ፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ጀምር። ለገና አበባ የምትፈልግ ከሆነ ወደ ኋላ ቁጠር፦ ከቁርጥ እስከ አበባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፣ የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ስለሚበርድ ስምንቱን ያዝ፤ ኅዳር መጀመሪያ ላይ መቀስህን አንሣ። የዝዋይና የሆለታ አበባ አብቃዮችም ለአውሮፓ የፍቅረኞች ቀን የሚያደርሱት እንዲህ ወደ ኋላ ቆጥረው እየቀነጠቡ ነው። የታመመውን ቅጠልና የደረቀውን እንጨት ደግሞ ሥሩ ላይ አትተወው፤ ሰብስበህ አቆይና ኅዳር ሲታጠን በ12 አቃጥለው።

«አበባ ይዞ እያለ እንዴት እቆርጠዋለሁ?» ቁረጪውና ቤትሽ አስገቢው፣ ውኃ ውስጥ ቁሞ ሳሎንሽን ያሳምር! የጠወለገውንም አትተዪው፤ ፍሬ ልቋጥር ሲል ጉልበቱን እዚያ ይጨርሳል። አምስት ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ ካለበት ከፍ ብለሽ ቁረጪ።

«ከሥሩ የወጣው ቀንበጥ ከሁሉ ይፋፋል፣ እሱን አልነካም።» ቆይ፣ ጽጌረዳህ በሌላ ሥር ላይ ተጣብቆ ያደገ ከሆነ ያ የፋፋው የበታቹ ዱር ነው፤ ካልነካኸው ቤቱን ይነጥቅሃል። አፈሩን ገለጥ አድርገህ ከበቀለበት ገንጥለው፤ ላዩን ከቆረጥከው በእጥፍ ይመጣል።

መቀስህን የምትገታበት ቦታም አለ። ዘንድሮ የተከልከውን በቅጡ ሥር እስኪሰድ የደረቀውን ብቻ አንሣለት። በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብበውን ተንጠልጣይ ደግሞ ካበበ በኋላ እንጂ ከማበቡ በፊት አትንካው፤ እሱ የሚያብበው ባምናው እንጨት ላይ ነው።

«የቆረጥኩትንስ የት ልጣለው?» ጤነኛውን ለምን ትጥለዋለህ? እርሳስ የሚያህለውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አድርገህ ቆራርጠው፣ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ አስገባ፣ ጥላ ውስጥ አቆየው፣ አፈሩ አይድረቅበት። ለጎረቤትህም ስጥ። ስትተክል ግን ዓይኖቹ ወደ ላይ ማየታቸውን አረጋግጥ፤ ተዘቅዝቆ የተተከለ አይበቅልም።