የቆጵሮሱ የለም ወይ?

መድኃኒት ቤት ስንገባ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው «ምን ያደርግልኛል?» ሳይሆን «የየት አገር ነው?» ነው። የቆጵሮስ ከሆነ ፊታችን ይፈታል። የጀርመን ከሆነ ዋጋውን ሳንሰማ እጃችን ኪሳችን ይገባል። የህንድ ነው ሲሉን እናመነታለን። የአገር ውስጥ ነው ሲሉን ግን እንደ ስድብ ቆጥረን ወደሚቀጥለው መድኃኒት ቤት እናዘግማለን። ክኒኑን የምንመዝነው በፓስፖርቱ ነው።

እኛው ነን እንግዲህ ገበያ ወርደን ለአንድ ኪሎ ቅቤ የምናሸተው፣ የምንቀምሰው፣ ሙዝ ተቀላቅሎበት እንዳይሆን በጣታችን የምናሸው። ያ ሁሉ ጥርጣሬ የመድኃኒት ቤቱን ደፍ ስንረግጥ የት እንደሚቀር እንጃ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚዘዋወሩ 10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ፎርጅድ ነው። ፎርጅድ ሠሪው ደግሞ ሣጥኑ ላይ የምንወደውን አገር ስም ማተም አይከብደውም።

የመቀሱ ነገር ለብቻው ወግ ይወጣዋል። ደንበኛው «አራት ፍሬ ብቻ ስጠኝ» ይላል፤ ኪሱ የፈቀደለት ያን ያህል ነውና አይፈረድበትም። ባለሙያው መቀሱን አንሥቶ ባለ10 ፍሬዋን ስትሪፕ ቀጨም ያደርጋታል። የምርት መለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የታተሙበት ጠርዝ ከቀደመው ደንበኛ ጋር ሄዷል። ለእኛ ከስሙ እንኳ የሚተርፈን «ሲሊን» የምትለዋ ጅራት ናት። ምን «ሲሊን» እንደሆነ የምታውቀው መቀሷ ብቻ ናት።

ቀኑ ቢገኝስ? ሣጥኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ፣ እኛ የምንቆጥረው በራሳችን። ዓመቱ በእኛ 2018 ሆኖ ሣጥኑ 2026 ሲል ያየ አባወራ «ኧረ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል!» ብሎ ኮመዲኖው ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ጎረቤት ሲያስነጥስ ያወጣዋል፤ የቤት ሠራተኛዋ ራሷን ሲያማት ያወጣዋል። በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነማ ቀን የሚባል ነገር አይነካውም።

አወሳሰዱም ተጽፎልናል፤ «1×3» ይላል። ከዚህ ያጠረ መልእክት ቴሌግራምም አልላከ። አሞክሲሲሊንን በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘ ሰው በየስምንት ሰዓቱ ነው የሚውጠው፤ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ሳይጎድል እንዲቆይ። እኛ ዘንድ ግን ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ተደርቦ ይበላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት እማማ ደግሞ ሦስቱንም ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ውስጥ ያጠናቅቋቸዋል። ለምን ቢሏቸው «ሦስት አሉኝ፣ ሦስት ዋጥሁ» ይላሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ማን ይከራከራቸዋል?

በሦስተኛው ቀን ሻል ሲለን የቀረውን እናስቀምጣለን። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ይህንኑ ፈርቶ ነበር፤ ከሚበቃው በታች የሚወስድ ሰው ተዋህስያኑን አይገድላቸውም፣ ያለማምዳቸዋል ብሎ። እኛ ግን ከማለማመድም አልፈን ጉንፋን በያዘን ቁጥር «ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ» እንጠይቃለን። ጉንፋኑ የቫይረስ ሥራ ነው፤ አንቲባዮቲኩ አይነካውም። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሲሄድ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ክኒኑ ነው።

ወደ መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ዘልቀን ብናይ ደግሞ ማቀዝቀዣው አለ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ ከመቀዝቀዝ አልፎ በረዶ ከሠራ ይጣላል። በአንዳንድ መድኃኒት ቤት ግን ጎረቤቶቹ የሽሮ ምሳ ዕቃና የታሸገ ውኃ ናቸው፤ በሩም ውኃ በጠማው ቁጥር ይከፈታል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የሙቀት መመዝገቢያ ግን ልብ ያረካል፤ ጠዋት 5፣ ከሰዓት 5፣ መብራት ጠፍቶ በዋለበትም ቀን 5። እንዲያውም ትጉህ መዝጋቢ የገጠመው እንደሆነ የነገው ሙቀት ዛሬ ተሞልቶ ያድራል። የሜትሮሎጂ ሰዎች ቢያዩት ይቀኑ ነበር።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆናል። ማዘዣ የሚጠይቅ፣ አለርጂ እንዳለብን፣ ሌላ መድኃኒት እንደምንወስድ፣ ደንበኛዋ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር እንደሆነች የሚያጣራ ፋርማሲስት አለ። እሱን ምን እናደርገዋለን? «ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የመጣነው?» ብለን ጥለነው እንወጣለን። ሁለት በር አልፈን ምንም የማይጠይቀውን እናገኛለን። «ዶክተርዬ» እንለዋለን፤ ለጎረቤትም «እዚያ ሂዱ፣ ፈጣን ነው» ብለን እንመክራለን። ጠያቂው በር ላይ ዝንብ ያባርራል፣ ፈጣኑ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ይከፍታል። ከዚያ ተሰብስበን ስለ ጥራት መጓደል እናማርራለን።

ተቆጣጣሪ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ግን ፈጣኑም ይለወጣል። ነጭ ጋዋኑ ታጥቦ ይለበሳል፣ ሽሮው ከማቀዝቀዣው ይሰደዳል፣ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለሙያ በአካል ይታያል። ማዘዣ የሌለው አንቲባዮቲክ አያገኝም፤ አወሳሰዱም ቁጭ ተብሎ በሰዓት በሰዓት ይብራራል። በዓመቱ ውስጥ መድኃኒት ቤቱ በደንቡ የሠራባት ቀን ይህች ናት፤ እኛም ከደጅ ቆመን ሰዓታችንን እያየን «ዛሬ ደግሞ ምን ነካቸው? አገልግሎት እኮ ሞተ!» የምንልባት ቀን ይህችው ናት።