የቡፌው ሽማግሌ

ወይን ማስረጀት የፈረንጅ ጥበብ ነው የሚል ሰው ነፋስ መውጫ አክስቴ ቤት ገብቶ አያውቅም። አክስቴ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ከ1997 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ 14 ዓመት አስረጅታለች። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ምንም አላጠፋም።

ፈረንሳዮቹ የቦርዶ ሰዎች ጠርሙሱን ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ፣ 12 ወይም 13 ዲግሪ ላይ አጋድመው ያስተኙታል። ምስኪኖች! ለዚያች ቅዝቃዜ ሲሉ መሬት ይቆፍራሉ። እኛ ላይ ጋይንቶች ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ተቀምጠን ብርዱን በነፃ ታድለነዋል። አክስቴ ግን በነፃ የመጣ ነገር አያኮራትም። ጠርሙሱን መስኮት ትይዩ ካለው ቡፌ ውስጥ፣ በፕላስቲክ አበባውና ተጠጥቶባቸው በማያውቁ ብርጭቆዎች መሃል፣ ዳንቴል አንጥፋ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ቀን ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ማታ ቴሌቪዥኑ። ቆሞ የኖረ ጠርሙስ ቡሹ ይደርቃል፤ የደረቀ ቡሽ ነፋስ ያስገባል። የነፋሱን መውጫ ከከተማችን ስም አውቀው ነበር፤ መግቢያውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዕድሜ ሲጨምር ክብር ይጨምራልና ጠርሙሱ «አያ ቀዮ» ተባለ። በ2006 ዓ.ም. ካስቴል የዝዋይ ወይኑን ለገበያ ሲያወጣ እሳቸው የ9 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ልጆች በቡፌው አጠገብ ሲያልፉ ኳሳቸውን በብብታቸው ይይዛሉ። ከስማዳ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ እሳቸውን አይቶ ነው ለአክስቴ እጅ የሚነሣው። በዚህ ላይ መቆም አልነበረብንም። ወደ እስቴ ሽማግሌ ሲላክ አያ ቀዮ ለምን ቀሩ? ለሽምግልና ከእሳቸው የተሻለ የለም፤ ነገር አይደግሙም፣ አፋቸው የታሸገ ነው፣ ጉቦ ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም። የድንበር ክርክር ሲነሣም ቀርበው መመስከር ይችሉ ነበር፤ የልደት ዘመናቸው ደረታቸው ላይ ታትሟል፣ ከእኛ መሃል ዕድሜውን በማስረጃ የሚያረጋግጥ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀበሌው መታወቂያ ቢሰጣቸው፣ ዕድሩ ሰብሳቢ ቢያደርጋቸው፣ ለክርስትና አባትነት ቢታጩ ማን ይቃወማል? እኔ እንኳ ጡረታቸው እንዲከበር ማመልከቻ ልጽፍ ነበር፤ ያደናቀፈኝ «የሥራ ዘመን» የሚለው መስመር ነው። አንድም ቀን አልሠሩም።

ሌላውን ጥቅም ባጭሩ ልለፈው፦ ዳንቴሉ አልቆሸሸም፤ ብርጭቆዎቹ አልተሰበሩም፤ ሌባም አልሞከራቸውም።

የ2011 ፋሲካ ዕለት ተከፈቱ። ቡሽ መንቀያ በቤቱ የለም፤ በቢላ ሲፈለፈል ቡሹ እንደ ዳቦ ተፈርፍሮ ግማሹ ውስጥ ገባ። መጠጡ ቀይ መሆኑን ትቶ የሸክላ ጡብ መስሏል። በብርሌ ተቀዳ። ከአዲስ አበባ የመጣው የአክስቴ ልጅ ብርሌውን አሽከረከረ፣ አፍንጫውን አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ «በስሏል! ቆዳ ቆዳ ይላል፤ ትንሽ ትንባሆም አለው» አለ። ቆዳ ቆዳ የሚል መጠጥ እኛ አገር ሴትን የሚያሳማ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤታችን እንባው እየወረደ «ወይን እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ቄሱ ብቻ አሸተቱና ብርሌውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ ለቅዳሴ ዘቢብ ተዘፍዝፎ ሲጨመቅ እያዩ የኖሩ ናቸው፣ ምን ምን እንደሚሸት ያውቃሉ።

እኔም ጠጣሁ። «ግሩም ነው፣ እትዬ» አልኩ።

አቼቶ ነበር። ሰላጣ ላይ የሚደረገው አቼቶ። ሁላችንም አውቀናል፣ ሁላችንም ዋሽተናል።

የሚያናድደኝ ይኸ ነው። አክስቴ ጠላዋ ጥቂት ኮመጠጠ ቢባል እንግዳ ፊት ከምታቀርብ ምድር ብትውጣት የምትመርጥ ሴት ናት። ጌሾው ሲበዛ፣ ብቅሉ ሲያንስ፣ ጋኑ በደንብ ሳይታጠን ሲቀር በአንድ ጉንጭ የምትለይ ምላስ አላት። ቡሽ ፊት ግን ያ ሁሉ ምላስ ተዘጋ። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ሲቆይ የሚሻለው ጥቂቱ ነው፤ እሱም አፍ የሚይዘው ታኒን እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ አተላ ሲዘቅጥ ነው የሚለሰልሰው፣ ያውም ጨለማና ቅዝቃዜ ካገኘ። የቀረው ቡፌ ውስጥ አይበስልም፤ ይሞታል።

ጠርሙሱን የገዛው አጎቴ ነበር። «ልጄ ስትመረቅ» አለ፤ ተመረቀች፣ «ለሠርጓ ይሁን» ተባለ። ለሠርጓ ደግሞ «ጠጅ እያለ!» ተባለ። አጎቴ በ2003 ዓ.ም. ሞተ፤ አንዲት ጉንጭ አልቀመሰም። መጠጥ የሚወድ ሰው ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ስሄድ ሌላ ጠርሙስ ገዝቼ፣ እንዳይቆም ብዬ ቡሹን ነቅዬ አመጣሁላት። አክስቴ አመስግና ተቀበለችኝ፣ ወደ ጓዳ ገባች፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይዛ ወጣች፣ አፉን ወተፈችና ዳንቴሉ ላይ አቆመችው።