የጓሳው ዝይ የርስት ክርክር

ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይ የውሃ ወፍ ነው የሚለው ትምህርት ከደጋው የሣር ምድር ከመንዝ ጓሳ ሲደርስ ግማሽ ቀን አይጸናም። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አገር በዱር የማይገኘው ይህ ወፍ ረግረግ ዳር ይውላል እንጂ ውሃው ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ ዋና ሥራው ሣር መጋጥ ነው። ስለዚህ ወፉን በባለርስትነት መመደብ ይገባል፤ ውሃው ለወሰን ምልክትነት ያገለግለዋል። ማስረጃው ጠባዩ ነው። በመራቢያው ወራት ወንድና ሴቷ መሬት ለይተው ይይዛሉ፤ ድንበር የገፋውን ሁሉ ወንዱ ያባርራል። ሲያስፈራራ አንገቱን ወደ ጀርባው ቆልምሞ፣ ምንቃሩን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ የክንፉን ሰማያዊ እየገለጠ ይንጎራደዳል። ሴቷን ሲያሽኮረምምም የሚያደርገው ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ለክስም ለጋብቻም አንድ ማመልከቻ ይበቃዋል ማለት ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ባና ሳይደርብ የሚያሳድር ወፍራም ላባም አለው፤ ይህ ግን ለክርክሩ አይረዳም። ሰው ሲቀርበው ብዙም የማይሸሸው ዳክዬና ዝይ በማይበላ ሕዝብ መካከል ስለሚኖር ነው ይባላል። ባለቤት ከገዛ መሬቱ ለምን ይሸሻል ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ተቃውሞ አይጠፋም፤ ከባዱ የዘር ነው። ጓሳ በጋራ ይጠበቅበት በነበረው በቄሮ ሥርዓት ዘመን ሣሩን ለማጨድ ከአቅኚዎቹ አባቶች ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለድ ግድ ነበር፤ ዝዩ ደግሞ የገዛ ዘሩን እንኳ በቅጡ አላስቆጠረም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ከዝዮች መደበው። የኋላ ዘመን የዲ.ኤን.ኤ. ቆጣሪዎች ግን የቅርብ ዘመዱ በመካከለኛው አፍሪካ ደን ወንዞች የሚኖር ዳክዬ ነው አሉ። ይህ እንደ ነውር ሊቀርብ አይገባም፤ የሩቅ አያት ጠርቶ መሬት መጠየቅ በርስት ሙግት የታወቀ መንገድ ነው፤ አያቱ ዳክዬ መሆናቸውም ክሱን ውድቅ አያደርገውም። ዋና ይችላል የሚለው ሁለተኛ ተቃውሞ እውነት ነው፤ ሣሩ ግን የብስ ላይ ነው።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሽሯል፣ የቄሮንም ሥርዓት አፍርሷል የሚለው የሕግ ተቃውሞ ይቀራል። አዋጁ ለዝዩ ስለ መነበቡ ማስረጃ የቀረበ የለም፤ መራቢያው በደረሰ ቁጥር ድንበሩን ይይዛል። ወራቱ ሲያልፍ ከመንጋ መቀላቀሉን ቆጥሮ አዋጁ ያቋቋመው የገበሬ ማኅበር አባል ሆኗል የሚል ሊነሳ ይችላል። ደካማ ክርክር ነው። ማኅበሩ መሬት ይደለድል ነበር፤ ዝዩ እስካሁን ለማንም አንድ ጥማድ አልሸነሸነም።