ቢኑ እንዳይገኝ ማድረጊያ ዘዴ

ጃቫ ሰርቨር ላይ የተጫነ ኢጄቢ (ኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢን) በስሙ ሲጠራ «የለም» እንዲባል የምትፈልግ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ስሙን ኮዱ ውስጥ በእጅህ ጻፈው። አንድ ቦታ አይበቃም፤ በየክላሱ በትነው። አጻጻፉም የድሮው የጄቦስ ይሁን፦ መጀመሪያ የኢኤአር ፋይሉ ስም፣ ቀጥሎ የቢኑ፣ መጨረሻ ላይ «ሪሞት»። የፋይሉ ስም ላይ የቨርዥን ቁጥር ጨምርበት፤ አዲስ ቨርዥን በተጫነ ቁጥር ጠሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል።

አለቆች «ወደ ዌብሎጂክ እንዛወር» ሲሉ ዝም በል። ዌብሎጂክ በራሱ ስም፣ ግላስፊሽም በራሱ ስም እንደሚመዘግብ አትንገራቸው። በ2016 ዓ.ም. የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ተነሥቷል፤ ዛሬም እንግዳውን «ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤቴ ና» ብሎ የሚቀጥር ሰው ቢኖር አንተን ነው የሚመስለው። ስሙ በሁላችንም አፍ አለ፣ ቤቱ ግን የለም። አራዳ ጊዮርጊስ እኮ እዚያው ቆሟል፤ ከእሱ ተነሥቶ መንገድ መንገር ይቻላል።

ለኢጄቢም እንዲህ ያለ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጃቫ ኢኢ 6 ለሁሉም ሰርቨር አንድ ዓይነት የሆኑ «ግሎባል»፣ «አፕ» እና «ሞዱል» የሚባሉ ስሞችን ደንግጓል። ይህን የሚነግርህ ጀማሪ ልጅ ከመጣ «እኛ የለመድነው እንዲህ ነው» ብለህ አሳፍረው። ኧረ ተው! ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ጄቦስም ግላስፊሽም አፕሊኬሽኑ ሲጫን ስሞቹን ሎግ ላይ ይደረድሩልሃል። ከዚያ ኮፒ ማድረግ ምኑ ይከብዳል?

ወደ ምክሬ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ቢኑን ራሱ ሰርቨሩ ፈልጎ የሚያቀብልህን የኢጄቢ አኖቴሽን አትንካ።

«ስሙ አልተገኘም» የሚለውን ኤክሴፕሽን ደግሞ ዋጠው። ካቹን ባዶ ተወውና ነል መልስ። ስሕተቱ ሌላ ክላስ ውስጥ ነል ፖይንተር ሆኖ ይወጣል፤ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቀሰው ተረኛ ባልጠፋበት ቦታ ሲፈልግ ያድራል። እሱም ቤተሰብ አለው!

ከሁሉ የከፋ ጥፋት ከፈለግህ፣ የሚፈለገውን ስም የማታውቀው ሰው ከሚልክልህ ጽሑፍ ላይ ውሰድ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ይፋ የሆነው የሎግፎርጄ ቀዳዳ ይኸው ነበር። ላይብረሪው ሎግ የሚያደርገው ጽሑፍ ውስጥ የጄኤንዲአይ (ቢንም በስሙ የሚፈለግበት የጃቫ አገልግሎት) አድራሻ ሲያገኝ ወደ አጥቂው ሰርቨር ይሄድ ነበር፤ በዚህም አጥቂው የራሱን ኮድ እንዲያስነሣ መንገድ ይከፈትለት ነበር። ያን አሮጌ ቨርዥን ዛሬም ሰርቨርህ ላይ ያስቀመጥህ ሰው፣ ምሳ ሳትወጣ ቀይረው።