የአምበር እንስራ ማንነቷን ስትፈልግ

ለኤግዚቢሽን የሚበቃ ዕቃ አመራረጥ ቀላል ነው። መሰበር አለበት፤ ደህና ከሆነ ገና ውሃ ይቀዳበታል። መጥቆር አለበት፤ ያልጠቆረ ዕቃ ታሪክ የለውም። ደግሞም የአባይን በረሃ ተሻግሮ የመጣ ቢሆን ይመረጣል፤ ሳሪስ የተገኘች እንስራ ስለ ማንነት ብዙም አትናገርም።

በዚህ መስፈርት ከሄድን አምበር የታደለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣው አስፋልት ሉማሜን አልፎ በመሀሏ ስለሚያልፍ፣ ማንነቱን ፍለጋ የወጣ የሠዓሊያን ቡድን ብዙ ሳይደክም መኪናውን ዳር አስይዞ ስንጥቅ እንስራ፣ ነቀዝ የበላው ሞፈር፣ ጥርሱ ያለቀ ማጭድ ጭኖ መመለስ ይችላል። ባለቤቶቹም ዋጋ አያስቸግሩም። «ውሰዱት፣ ጓሮውን ታጸዱልኛላችሁ» ብለው ይመርቃሉ። ከዚያ በኋላ ዕቃው መናገር ይጀምራል።

ለመናገር የሚያስፈልገው ነጭ ግድግዳ፣ ከላይ የተንጠለጠለ አንድ መብራት፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ጥቂት ጭድ ነው። (ጥቂት ነው ያልኩት፤ ጭዱ ከበዛ ጋጣ ይመስላል፣ ጋጣ ያደገ ተመልካችም እንግዳ መሆኑ ይቀርበታል።) ከእንስራዋ አጠገብ ወረቀት ይለጠፋል፦ «ስንጥቅ ማንነት፣ ቁጥር 4። ሚክስድ ሚዲያ፦ ሸክላ፣ ጥላሸት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ዝምታ።» ሽቦውን የጨመረው ቡድኑ ነው። ሚክስድ የሚያሰኘውም እሱ ነው። ሽቦው ባይኖር እኮ እንስራ ብቻ ሆና ትቀር ነበር። እንስራ ደግሞ ማንም ይሠራል።

ማንም ማለቴ እንዲህ ነው። ሠሪዋ ጭቃው ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ለማብሰያው ሌላ፣ ለውሃ መያዣው ሌላ። ከቤት የተሰበረ ገል ለቅመው ይወቅጡና ከጭቃው ጋር ያቦኩታል፤ ያለዚያ እሳት ላይ ይፈነዳል። የሸክላ መዘውር የላቸውም፤ ራሳቸው ዕቃውን እየዞሩ በእጃቸው ያቆሙታል። በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል። ከዚያ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ያቃጥሉታል፤ ነፋስ ከመጣ የሳምንት ሥራ ባንድ ቀን ይሄዳል። ልብ ያለው አንባቢ እንዳስተዋለው፣ ወድቆ የተገኘ ዕቃ ከአዲስ ማቴሪያል ጋር ማዋሃድ እዚሁ ተሠርቶ አድሯል። ሴትዮዋ ግን ገሉን ሲወቅጡ ስቴትመንት ስላልጻፉ አይቆጠርላቸውም።

ስማቸውም ወረቀቱ ላይ የለም። የሠዓሊው አለ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት አለ፣ ያሳየባቸው ከተሞች አሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። የእንስራዋ ማንነት በሚፈተሽበት ምሽት የሠሪዋ ማንነት ቢነሣ ውይይቱ ከርእስ ይወጣል። አገሩ የሸክላ ሠሪን ልጅ ለትዳር እንደማይጠይቅ፣ እሳቸው ሲያልፉ እናት የልጇን ፊት በነጠላ እንደምትሸፍን፣ ቡዳ የሚለው ስም ከእጃቸው ጭቃ ይልቅ እንደሚጣበቅ ማንሳት ሊመጣ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኛም አዋጁን አክብረናል፤ አንሰድብም። ስማቸውን አለመጥራት ስድብ አይደለምና።

አንዳንዱ ተመልካች «ይህ ከፈረንጅ የተወረሰ ነው፣ ዱሻም ነው የጀመረው» ይላል። ማርሴል ዱሻም እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ የሽንት ቤት ሳህን ለኤግዚቢሽን ልኮ እንደነበር እውነት ነው። አዘጋጆቹ አላሳዩትም፣ ዕቃው ራሱ ጠፍቶ ቀረ፣ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታየው በኋላ የተሠራ ቅጂው ነው። ነገር ግን ሰውየው በላዩ የጻፈው የራሱን ስም አልነበረም። «አር. መት» ብሎ ነው የፈረመው፤ ስሙንም ሞት ከተባለው የመጸዳጃ ዕቃ ድርጅት ስም ጥቂት ለውጦ እንደወሰደው ኋላ ተናግሯል። ቀልደኛው ዱሻም እንኳ ለድርጅቱ የተጣመመ ፊርማ አስቀርቶለታል። የእኛው ግን ቁም ነገረኛ ነው፤ የራሱን ስም በትክክል ይጽፋል።

ይህን ሙያ የሚያበላሹ ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ አዲስ አበባ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለ መናፈሻ ውስጥ ነፃ አርት ቪሌጅን ያቋቋሙት ወጣቶች አንዱ ጥፋታቸው የብረታ ብረት ሥራቸውን ሰው በሚያልፍበት ሜዳ ላይ አቁመው ማሳየታቸው ነበር። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የባሰ ነው። ከመርካቶ ያገለገለ የኮምፒውተር ቦርድ፣ ሽቦና የልብስ ቁልፍ በገንዘቡ ይገዛል፤ ከዚያ ሽቦውን እየጎነጎነ፣ ቁልፉን በመርፌ እየሰፋ አንድ ሥራ ላይ ዓመታት ይፈጃል። ከኪውሬተር መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲከፈት ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነበር፤ ያውም የገጠር ግንበኛ ጥበብ ታክሎበት። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣ አንድ እንስራ ላይ አንድ ሽቦ ጠምጥሞ ማንነትን ለሚፈትሽ ሰው ኑሮ ይከብዳል። የመርካቶው ምናለሽ ተራማ አይነሣ። በርሜሉን ምድጃ፣ ጎማውን በረባሶ አድርገው ለሚያወጡት ልጆች ሚክስድ ሚዲያ ነው የሚላቸው ቢመጣ፣ «ስንት ይዘሃል?» ነው የሚሉት።

እንግዲህ ለውለታው ውለታ ይገባልና፣ አምበርም በተራዋ ኤግዚቢሽን ብታዘጋጅ ብዬ አስቤያለሁ። ርእሱ «የአዲስ አበባ ሠዓሊ፦ ማንነትና የተጣሉ ዕቃዎች»። ዕቃዎቹን ከኤግዚቢሽን መክፈቻ ማግስት ከጋለሪው በር እንለቅማለን፤ ጥበቃው «ውሰዱት፣ ታጸዱልኛላችሁ» እንደሚል እርግጠኛ ነኝ። ማኪያቶ የተጠጣበት የወረቀት ኩባያ ይኖራል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ከነገመዱ። ሁለት ገጽ ስቴትመንት፤ እሱን ማንም እንዳያነበው ከፍ አድርገን እንሰቅለዋለን፣ እዚያም እንዲሁ ነበርና። ዋናው ሥራ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ይሆናል። አምበር ውስጥ ሱሪ የሚቀደደው በአጨዳና በጉልጓሎ ስለሆነ፣ ፋብሪካ ቀድዶ በውድ የሸጠው ብዙ ሰው ይስባል። ወረቀቱም፦ «ጥጥ፣ ቀዳዳ፣ ብዙ ብር። ሠሪው ያልታወቀ፣ አዲስ አበባ፣ 21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን።» ሱሪው የማን እንደሆነ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ግን ከርእስ ያስወጣናል።

ኪውሬተሯ ሸክላ ሠሪዋ ይሁኑ። ስለ ሠዓሊው ማንነት ንግግር የሚያደርጉትም እሳቸው፤ ሠዓሊው ቢገኝ ጥግ ቆሞ ፎቶ ይነሣ፣ የሚናገረውን ግን ሌላ ሰው ያስረዳለታል። በመክፈቻው ዕለት ጠላው የሚቀዳው ካልተሰነጠቀ እንስራ ነው። መንካት ይፈቀዳል። ከእጁ ወድቆ የሰበረ እንግዳ ካለ ስብርባሪውን ይዞ መሄድ መብቱ ነው፣ ሽቦም ካሻው ይጠምጥምበት፤ የእንስራዋን ዋጋ ግን ለሠሪዋ ቆጥሮ ይከፍላል፣ ዋጋውንም የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።